ቀድሜ የቀመስኩት ሲጋር

ሲጋራ አላጨስም። ጠረኑ ራሱ አይስማማኝም፤ ሰው አጠገቤ ሲለኩስ ወንበሬን አንስቼ እርቃለሁ፣ ልጆቼም «አባባ ደግሞ ጀመራቸው» ይላሉ። በዕድሜዬ ትምባሆ አፌ ውስጥ የገባው አንድ ቀን፣ አንድ ፍሬ ብቻ ነው። የዚያን ፍሬ ጣዕም ግን ከሠርጌ ድግስ ይልቅ አጥርቼ አስታውሰዋለሁ። ይህን ለመጻፍ እስከ ዛሬ የዘገየሁት ስለማፍርበት ነው። የማፍረው በማጨሴ አይደለም፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ከጣሊያን በፊት ጠጅ አሳላፊ ነበርኩ። ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በአንድ ትልቅ ሰው ግቢ፣ አሥራ አምስት ዓመት ብርሌ ይዤ ቆሜያለሁ። የዛሬ ልጆች አሳላፊ ሲባል አስተናጋጅ ይመስላቸዋል። አሳላፊ ማለት ጌታው ከመጠጣቱ በፊት በግራ መዳፉ ጠብ አድርጎ፣ እዚያው ፊቱ ጠጥቶ፣ «መርዝ የለበትም፣ ካለበትም እኔ ልቅደም» የሚል ሰው ነው። ይህን በቃል አይናገረውም፤ መዳፉን ሲልስ ሁሉም ይገባዋል። ሳይቀምስ የሚያቀርብ ወይ ባለጌ ነው ወይ ጠላት።

እኔ ደግሞ ከቅምሻው በላይ ምላስ ነበረኝ። መዳፌ ላይ ባለችው ጠብታ ጌሾው የበዛበትን፣ ማሩ ከቆላ የመጣውን፣ ጋኑ በደንብ ያልታጠነውን እለያለሁ። ጌታዬ «እንዴት ነው?» ሲሉኝ እውነቱን እናገራለሁ። የተበላሸውን ተበላሽቷል እላለሁ፣ የጣሉት እመቤቲቱ ራሳቸው ቢሆኑም። በዚህ ምላሴ ብዙ ሰው አስቀይሜአለሁ፤ ዋሽቼበት ግን አላውቅም ነበር።

ጣሊያን ሲገባ ጌታዬ ወደ ዱር ወጡ፤ ግቢው ታሸገ። ብርሌ ከመያዝ በቀር ሌላ ሙያ አልነበረኝምና ታላቅ ወንድሜ ቤት ገብቼ የሰው እጅ ማየት ጀመርኩ። ወንድሜ አናጢ ነበር፤ ቤቱ ከኡራኤል ዝቅ ብሎ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ ጋሼ እለዋለሁ። በዚያን ጊዜ ጣሊያኖች ከኡራኤል በላይ ባለው ሜዳ ለሠራተኞቻቸው የድንጋይ ቤት ይደረድሩ ነበር፤ ኋላ ካዛንቺስ የተባለው ያ ነው። ጋሼም በሆዱ እየረገመ በርና መስኮት ይገጥምላቸዋል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

አንዱ ሹም ቤቱ አልቆለት ሲገባ አሽከር ፈለገ፤ ጋሼ ይዞኝ ሄደ። መንገድ ላይ አቆመኝና፣ «ስማ፣ እጅህን ስጣቸው፤ ለእንጀራ ነው። አፍህንና ልብህን ግን እንዳትሰጣቸው» አለኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩት። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ሹሙ በመንገድ ሥራ ዕቃ ቤት የሚሠራ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። አልመታኝም፤ አልሰደበኝም። ደግ ነበር ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ ይለኛል። ከአገሩ ካመጣው ዕቃ ሁሉ የሚሳሳላት አንዲት ሣጥን ነበረችው። የእኛን ጥድ የሚመስል ሽታ ካለው እንጨት የተሠራች ናት፤ ውስጧ ወፋፍራም ሲጋሮች በሁለት ረድፍ ተኝተዋል። ሲጋራ አላልኩም፤ ሲጋር ነው፣ ቅጠሉ በቅጠል የተጠቀለለው። አባቱ ገዝቶ ያስቀመጣቸው፣ ከሃያ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው። «ትምባሆ ልክ እንደ ወይን ነው፤ እያረፈ ይጥማል» ይለኝ ነበር። ነገሩ አልገረመኝም፤ የቆየ ጠጅ የማያውቅ ሰው ነው በዚህ የሚገረመው።

ያስጨነቀው የአዲስ አበባ በጋ ነበር። አየሩ ቅጠሉን እያደረቀ ያሰነጥቅበታል። እርጥብ ጥጥ ቢያስገባበት ሻገተ፤ ሁለት ፍሬ ሲጥል ዓይኑ እንባ አቅርሮ አየሁት። በሆዴ «ሰው በሚታረድበት አገር ለቅጠል ያለቅሳል» አልኩና ምላሴን ነከስኩ። በነጋታው ግን የእንስራ ስባሪ ፈልጌ አጠብኩ፤ ውሃ አጠጥቼ፣ በስስ ጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥኗ ጥግ አስቀመጥኩለት። ሸክላ የጠጣውን ውሃ ቀስ እያለ ነው የሚመልሰው፤ ይህን ማንም የጠጅ ቤት ሰው ያውቀዋል። በወሩ ቅጠሉ ለሰለሰ። ከዚያ ወዲህ ሣጥኗ በእኔ እጅ ሆነች።

አስተማረኝም። በጆሮ አጠገብ በሁለት ጣት ጫን ሲሉት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ደርቋል። ጫፉ በስለት በአንድ ምት ይቆረጣል። እሳቱ ቅጠሉን ሳይነካው ከበላዩ ይሞቃል። ጭሱ አፍ ውስጥ ይዞራል እንጂ ወደ ሳንባ አይወርድም። አመዱ ቶሎ አይራገፍም። ይህን ሁሉ በዓይኔና በአፍንጫዬ ተማርኩ። ወደ አፌ አላስጠጋሁትም፤ እሱም አይፈቅድልኝም፣ የኛ አፍ የነካውን እንዳይነኩ ሕጋቸው ያዝዛቸዋል። እኔም ብሆን ትምባሆ ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር የበቀለ ቅጠል ነው እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ።

ጋሼ የተያዘው በሁዳዴ መግቢያ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ አንድ ሌሊት አሳድሮ ነበር፤ ለካስ ሰውየው የአርበኞች መልእክተኛ ኖሯል። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ጋሼን ከብዙ ሰው ጋር በሽቦ በታጠረ ግቢ አጎሩት። ሚስቱ በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አገልግል ይዛ ትሄዳለች፤ ወታደሮቹ ተቀብለው ባዶውን ይመልሱላታል። አገልግሉ ሳይነካ ከተመለሰ ሰውየው እዚያ የለም ማለት ነው። አንድ ዓርብ እያለቀሰች መጣች። «ማክሰኞ በካሚዮን ሊጭኗቸው ነው፤ ወደ በረሃ» አለችኝ። ወደዚያ ከተጫኑት የተመለሰ ሰው አልሰማንም ነበር።

ሹሙ እግር ላይ ወደቅሁ። ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በቋንቋው፣ «ዝርዝሩን የሚፈርመው ሰው እሑድ ምሳ እኔ ጋ ነው» አለ። «ሲጋር ይወዳል። ለኩሶ ፊቱ ሲፈታ ስለ ወንድምህ አነሳለሁ። ከዚያ በፊት ትንፍሽ እንዳትል። አንድ ነገር ካበላሸህ እኔም አልችልም።»

ቅዳሜን ሙሉ ሲጋር ስመርጥ ዋልኩ። ሁሉንም አንድ በአንድ አነሳሁ፣ አሸተትኩ፣ ጆሮዬ ላይ አዳመጥኩ። ከታችኛው ረድፍ አንዱን ለየሁት፤ መልኩ የጠገበ ቡናማ፣ ነጥብ የሌለበት፣ ስጫነው ድምፅ የማያሰማ። የወንድሜ ነፍስ ያለችው እዚች ውስጥ ነው ብዬ ነው የመረጥኩት።

እሑድ ከኪዳን በቀጥታ ወደ ሥራ ሄድኩ፤ ጾም ነውና አፌ እህል ውሃ አልነካም። እንግዳው አጭር፣ አንገተ ወፍራም ሰው ነው። ሽጉጡን ከወገቡ ፈትቶ ከሹካው አጠገብ አስቀመጠ፤ ይህ ሁሉ ምሳ ለመብላት ነው። በዚያ ዘመን እነሱም ይፈሩን ነበር። በልተው ጠጥተው ሲያበቁ ሹሙ በቅንድቡ ጠቀሰኝ። ሣጥኗን አመጣሁ፣ የመረጥኩትን አነሳሁ፣ ጫፉን ቆረጥኩ፣ ክብሪት ጭሬ አሞቅሁት።

እስከዚህ ያደረግሁት እንደተማርኩት ነው። ከዚህ በኋላ ሲጋሩን ለእንግዳው ሰጥቼ፣ እሱ ሲስብ እሳቱን መያዝ ብቻ ነበረብኝ። ነገር ግን ሰውየውን ቀና ብዬ አየሁት። ይህ ሰው ጋሼን በእጁ ይዟል፤ ላከብረው ይገባኛል፣ በማውቀው ክብር ሁሉ። እኔ ደግሞ የማውቀው ታላቅ ክብር አንድ ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፣ እጄ ሲጋሩን ወደ ራሴ አፍ ይዞት ሄደ። ሁለት ጊዜ ሳብኩ። ጫፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግሁ፣ ቀኜን በግራዬ ደግፌ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀረብኩለት።

የተቀበለኝ የለም። ቀና ስል የሹሙ ፊት አመድ መስሏል። የእንግዳው አንገት ቀልቷል፣ እጁ ሽጉጡ ላይ ነው።

«ምን ማድረግህ ነው?» አለ ሹሙ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«ሲኞሬ፣ በኛ አገር የምናከብረውን ሰው ቀምሰን ነው የምንሰጠው» አልኩ በዚያ በወጥ ቤት ጣሊያንኛዬ። «መርዝ እንደሌለው እንዲያውቅ።»

ከተናገርኩት ሁሉ እንግዳው የሰማው መርዝ የሚለውን ብቻ ነው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት፣ ልመልሰው ግን አልቻልኩም። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይላሉ፤ እኔ ሎሌውም አፉም አንድ ላይ ሆኜ ከዳሁ። እንግዳው ሣጥኗን አየ፣ ሹሙን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሰዓቱን ከእጁ ፈታና ከሽጉጡ ጎን አስቀመጠ።

«ጨርሰው» አለኝ። «እዚሁ። ቆመህ።»

ሹሙ ሲጋሮቹ አባቱ ያስቀመጣቸው መሆናቸውን ሊያስረዳ ሲል በእጁ ዝም አሰኘው። ገባኝ። እሞት እንደሆነ ሊያይ ነው። አሳላፊ የተፈጠረውስ ለዚሁ አይደል?

መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ ነው። ጭሱን ወደ ውስጥ ስቤ ሳል ቢይዘኝ ተመርዟል ብሎ እንዳይተኩስ ስለፈራሁ እንደተማርኩት አፌ ውስጥ ብቻ አዞርኩት። የኮርቻ ቆዳ ቀመስኩ፤ ፀሐይ ላይ የቆየ፣ ቅባት የጠጣ ኮርቻ። ከኋላው ጥዱ መጣ፣ የሣጥኗ እንጨት። ስለ ጋሼ አሰብኩ፤ እሱ በሽቦው ውስጥ ጦሙን ውሎ አገልግሉን ይጠብቃል፣ እኔ የአርዮስን ቅጠል በአፌ ይዣለሁ። ማርያምን በልቤ ጠራሁ።

ወደ መካከሉ ሲደርስ ነገሩ ተለወጠ። የተቆላ ገብስ መጣ፤ ቀስ ብሎ ደግሞ ማር። ብርዝ አይደለም፣ የተጣራ ነጭ ማርም አይደለም፤ ከቀፎው ሥር የሚወጣ፣ ጠቆር ያለ፣ ሰም ሰም የሚል ማር። ይህን ጣዕም በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቼዋለሁ፤ ጌታዬ ለልጃቸው ክርስትና ባስከፈቱት፣ ዓመታት በተቀመጠ ጠጅ ውስጥ። አመዱ ጣት ያህል ረዝሞ ሳይወድቅ ቆሟል። ዓይኔን ጨፈንኩ። በአፌ ውስጥ አንድ ሰው ሃያ ዓመት የታገሠው ነገር ነበረ፣ እኔም ያንን ጣዕም ከመለየት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ጣፈጠኝ። ቃሉን ላስውበው አልፈልግም፤ ጣፈጠኝ። ሌላ ሳብኩ፣ ማንም ሳያዝዘኝ፣ ከምላሴ ሥር ጥቁር አዝሙድ የመሰለውን ልያዝ ብዬ። ያን አንድ ጊዜ ስስብ ወንድም እንዳለኝ ረሳሁ።

ዓይኔን ስገልጥ ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቴ አለ። ጋሼ ትዝ ያለኝም ያኔ ነው፤ ደነገጥኩ፣ በራሴ።

የመጨረሻው ክፍል ቁንዶ በርበሬና የጌሾ ምሬት ነበር። በባዶ ሆዴ ላይ ምድር መዞር ጀመረች፤ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ሙቀቱ ጣቴን ሲነካኝ እንግዳው ሰዓቱን አነሳ።

«እንዴት ነበር?» አለኝ። መሳለቁ ነበር።

እኔ ግን «እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ እውነቱን የሚመልስ ሰው ነኝ። ከኮርቻው ጀምሬ፣ ገብሱን፣ ማሩን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ጌሾውን፣ ቃል የጎደለኝን በእጄ እያሳየሁ ነገርኩት። ሹሙ አስተረጎመልኝ። እንግዳው ፈገግታው ጠፋ፣ ወደፊት ዘንበል ብሎ አዳመጠ። ከዚያ እጁን ወደ ሣጥኗ ሰደደ፣ ራሱ መርጦ፣ ራሱ ቆርጦ ለኮሰ። ጭሱን በአፉ ውስጥ አዞረ። «ማሩ አለ» አለ በመጨረሻ፣ ለሹሙ እንጂ ለእኔ አይደለም።

ሹሙ ያኔ ስለ ጋሼ አነሳ። እንግዳው «ሙያው ምንድነው?» ብሎ ጠየቀ። አናጢ ነው፣ ይህንን በር የገጠመው እሱ ነው አለው ሹሙ። ሰውየው ተነሳ፤ በሩን አንዴ ከፈተው፣ አንዴ ዘጋው። በሩ ድምፅ አላሰማም። የጋሼን ስም በክብሪት ቤት ጀርባ ጻፈና ኪሱ ከተተው።

እነሱ ሳሎን ሳሉ እኔ ከቤቱ ጀርባ ባሕር ዛፉ ሥር ተንበርክኬ አስታወክሁ። ውጣልኝ ብዬ ጣቴን ጉሮሮዬ ድረስ ሰደድኩ። ሆዴ ባዶ ቀረ፤ ማሩ ግን ከምላሴ አልወጣም።

ማክሰኞ ካሚዮኖቹ ሄዱ። የጋሼ ሚስት ያን ቀን አገልግሉን ይዛ መሄድ ፈራች፣ እኔም አብሬያት ፈራሁ፤ ቤት ተቀምጠን ዋልን። ረቡዕ ከቀትር በኋላ ጋሼ በእግሩ መጣ። ከስቷል፣ ጢሙ ሸብቷል፣ በሩ ላይ ቆሞ ማጠፊያውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፤ የአናጢ ነገር። ያዳነው ሲጋሩ ይሁን በሩ፣ ወይም ቁጥራቸው ሞልቶባቸው ይሁን፣ አላውቅም።

እግሩን አጠብነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሚስቱ ጠላ አመጣች። ከእንስራው ቀድቼ በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀመስኩና ዋንጫውን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።

«ምን ከፍለህ አወጣኸኝ?» አለ።

ነገርኩት። መቅመሴን፣ ሽጉጡን፣ ሰዓቱን፣ ቆሜ መጨረሴን። ሚስቱ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ጋሼ መሬት መሬቱን እያየ ሰማኝ። ከሽቦው ውስጥ ስንቶቹ እንደተጫኑ ያየ እሱ ነው፤ አጠገቡ የሚተኛውን ሰው ማክሰኞ ከጎኑ አንስተውበታል። ዋንጫው እጄ ላይ እንዳለ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ጣፈጠህ?» አለኝ።

አሥራ አምስት ዓመት «እንዴት ነው?» ተብዬ እውነቱን ሳልናገር የቀረሁበት ቀን የለም። ለጠላቴ እንኳ፣ ሽጉጥ ፊት ቆሜ፣ እውነቱን ነግሬዋለሁ።

«እንደ ኮሶ መረረኝ ጋሼ» አልኩት።

ፊቱ ተፈታ። «እሰይ» አለ፣ ዋንጫውን ተቀብሎ እስከ ታች ጠጣው።

ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ተናዝዣለሁ፤ የሰጡኝን ስግደት ሰግጄ ጨርሻለሁ። ለጋሼ ግን አልነገርኩትም። ጣሊያን ወጣ፣ ሹሙም ሣጥኗን ይዞ ሄደ፣ ካዛንቺስ ሌላ ሰው ሞላበት። ጋሼ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። በየበዓሉ ከእኔ እጅ ካልሆነ አይጠጣም፤ «የወንድሜ ምላስ አይዋሽም» እያለ ለእንግዳው ሁሉ ያወራል፣ እኔም እየቀመስኩ እሰጠዋለሁ።

ሊሞት ሲል ጠበል አምጣልኝ አለኝ። ዓይኑ ፈዟል፣ እጁ ዋንጫ አይችልም፤ ቢሆንም አፉን ገጥሞ ጠበቀኝ። ምን እንደሚጠብቅ አውቄ በመዳፌ ጠብ አደረግሁና ቀመስኩ፤ መቅመሴን ሲሰማ ከንፈሩን ከፈተልኝ። እንዴት ነው ብሎ አልጠየቀኝም።